ክሪያቲን የሚባለው ዱቄት ያቀጥናልን?

ውፍረት ለመቀነስ ቆርጠው የተነሡ እናቶችና ሠራተኞች በየከተማው በዝተዋል። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ የምትውል ጸሐፊ፣ ከባንኮኒ ኋላ የምታመሽ ባለሱቅ፣ ሁለትና ሦስት ልጆች ወልዳ የድሮ ቀሚሷ አልገባ ያላት እናት፣ ከሥራ መልስ ጂም ወደሚባሉት የሰውነት ማጎልመሻ ቤቶች ጎራ ማለት ጀምረዋል። ነገሩ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል 8 በመቶው ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ ይህም ቁጥር በከተማ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ውፍረትን ተከትለው የሚመጡ ስለሆኑ፣ እናቶች ለሰውነታቸው ጊዜ መስጠት መጀመራቸው የሚደገፍ ነው።

ከስፖርቱ ጋር ግን አንድ ነጭ ዱቄት አብሮ መጥቷል። በፕላስቲክ ጣሳ ታሽጎ የሚሸጥ ሲሆን ስሙም ክሪያቲን ይባላል። አሠልጣኙ «ውሰጂው፣ ይጠቅምሻል» ይላል። ጓደኛ «እኔም ጀምሬዋለሁ» ትላለች። ሻጩ ደግሞ «ጡንቻ ያወጣል፣ ስብ ያቀልጣል» ብሎ ይጨምርበታል። ይህን ሰምታ ከወር ደመወዟ ቀንሳ ዱቄቱን የገዛች ሴት፣ በሳምንቱ ሚዛን ላይ ስትወጣ ክብደቷ መቀነሱ ቀርቶ አንድ ኪሎ ጨምሮ ይጠብቃታል። በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። ወይ ተናዳ ስፖርቱንም ዱቄቱንም ትተዋለች፤ ወይም ቁርሷን ትታ፣ ውሃዋን ቀንሳ፣ ራሷን በረሃብ ትቀጣለች። ሁለተኛው ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ለምን እንደሆነም በኋላ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ክሪያቲን ምንድን ነው?

ብዙ ሰዎች ክሪያቲንን በቅርብ የተፈለሰፈ መድኃኒት አድርገው ያስቡታል። እንዲያ አይደለም። ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1832 ከሥጋ ውስጥ ለይቶ ያወጣው ሚሼል ኤዠን ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ስሙንም ሥጋ ከሚለው የግሪክ ቃል ወሰደለት። የሚገርመው ነገር፣ ይኸው ሰው የስብንና የሳሙናን ጠባይ በማጥናትም የታወቀ መሆኑ ነው፤ የኖረውም 102 ዓመት ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ነገሩን እንደገና ሲመረምር፣ በአደን ሲሯሯጥ የተገደለ የዱር ቀበሮ ሥጋ በቤት ታስሮ ከሚቀለብ ቀበሮ ሥጋ ይልቅ በክሪያቲን እጅግ የበለጸገ ሆኖ አገኘው። ክሪያቲን ከጡንቻ ሥራ ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ ፍንጭ የተገኘው ያን ጊዜ ነው።

ሰውነታችን ራሱ በኩላሊትና በጉበት አማካይነት በቀን 1 ግራም ያህል ክሪያቲን ይሠራል። የቀረውን ከሥጋና ከዓሣ ያገኛል። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ 120 ግራም ያህል የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 95 በመቶው የተከማቸው በጡንቻ ውስጥ ነው።

ሥራውን ለመረዳት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ደረጃ የምትወጣ ሴትን እናስብ። ጡንቻዋ ለመኮማተር የሚያስፈልገው ኃይል በውስጡ ያለው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚበቃ ነው። ያ እንዳለቀ ወዲያው የሚተካው በክሪያቲን መልክ የተቀመጠው መጠባበቂያ ነው። እርሱም ቢሆን ከ10 ሴኮንድ ያህል በላይ አይዘልቅም፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት ከስኳርና ከስብ ኃይል ወደ ማውጣቱ ይሄዳል። እንግዲህ ክሪያቲን የሚያግዘው አጭርና ብርቱ ሥራን ነው። ክብደት ማንሣትን፣ ድንገተኛ ሩጫን፣ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥን ያግዛል። አንድ ሰዓት ሙሉ በዝግታ ለሚደረግ የእግር ጉዞ ግን ይህ ነው የሚባል እርዳታ የለውም።

አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ክሪያቲን አለው። በወተት ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን ውስጥ ከቶ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ረቡዕንና ዓርብን፣ ሁዳዴንም 55 ቀን የምትጾም እናት፣ ዓሣም የማትበላ ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት የሚኖራት ሰውነቷ ራሱ የሚሠራው ብቻ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ችሎ ይኖራል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በጡንቻቸው ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን ዱቄቱን ሲወስዱ ለውጡ ጎልቶ ይታይባቸዋል። በገበያ ያለው ዱቄት በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። በእንክብል የሚሸጠው ግን ሽፋኑ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚገኝ ጄላቲን የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጾም ያስፈታል፣ አያስፈታም የሚለው ለንስሐ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ በዚህ ዓምድ አንገባበትም።

ሚዛኑ ለምን ጨመረ?

ክሪያቲን ወደ ጡንቻ ሲገባ ውሃ አስከትሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 በስዊድን የሠሩ ተመራማሪዎች በአፍ የሚወሰድ ክሪያቲን በጡንቻ ውስጥ ያለውን ክምችት እንደሚያሳድግ ካረጋገጡ ወዲህ በተደረጉት ብዙ ጥናቶች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግማሽ ኪሎ እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ጭማሪ የተለመደ ሆኖ ታይቷል። ጭማሪው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ስብ አይደለም። ክሪያቲን በራሱ ስብ የሚሆንበት መንገድ የለም።

በቁጥር እንየው። አንዲት 78 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ አቀደች እንበል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በየቀኑ ከሚያስፈልጋት 550 ካሎሪ ያህል አጉድላ መብላት ይኖርባታል። ይህን በትጋት ፈጸመች። በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ስብ ጠፋላት። በዚሁ ሁለት ሳምንት ክሪያቲን ስለጀመረች አንድ ኪሎ ውሃ በጡንቻዋ ገባ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ያው 78 ኪሎ ናት። ሴትዮዋ ያሰበችውን ሠርታለች፤ ሚዛኑ ግን ውሃን ከስብ ለይቶ መናገር አይችልም። በተለይ የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት በራሱ ውሃ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ሚዛኑ ይበልጡን ያሳስታል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሚዛን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር እውነቱን ይናገራል። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ሆድን ሳይስቡ እምብርት ላይ ዞሮ የሚለካ ልክ በየሁለት ሳምንቱ በደብተር ቢጻፍ ወገብ መቀነስ አለመቀነሱ ይታወቃል። ቀሚስም ምስክር ነው። ዱቄቱን ለመጀመር ያሰበች ሴት ከመጀመሯ በፊት ወገቧን ብትለካ፣ በኋላ ለምን ጨመርኩ ብላ ከመጨነቅ ትድናለች። ዱቄቱን ስታቆም የጡንቻው ክምችት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የተከተለውም ውሃ አብሮት ይሄዳል።

ታዲያ ስብ ያቀልጣልን?

አያቀልጥም። ሻጩ ምንም ቢል፣ ክሪያቲን ስብ የማቃጠል ኃይል የለውም፤ የምግብ ፍላጎትንም አይዘጋም። እንግዲያስ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ መልሱ ያለው በጡንቻ ላይ ነው።

ሰው ምግብ በመቀነስ ብቻ ሲከሳ የሚያጣው ስብ ብቻ አይደለም። ከጠፋው ክብደት ሩብ ያህሉ ከጡንቻና ከሌላው ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል ሊሆን ይችላል። ጡንቻ ለወጣት ሴት ውበት፣ ዕድሜዋ ለገፋ እናት ደግሞ ከወንበር በራሷ ተነሥታ መቆሚያ ነው። ሳይታወቅ እየቀነሰ ሄዶ፣ በተለይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ በቀላሉ መውደቅና መሰበር ይመጣል። ስለዚህ ክብደት የምትቀንስ ሴት ጡንቻዋን ይዛ መቅረት አለባት። ለዚህም ዋናው መድኃኒት ጡንቻን የሚያሠራ ስፖርት ነው፤ ቀጥሎም እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ ዕንቁላልና ሥጋ ያለ ገንቢ ምግብ ነው። ክሪያቲን የሚመጣው ሦስተኛ ሆኖ ነው። ክብደት የምታነሣ ሴት ስምንት ጊዜ ታነሣ የነበረውን ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ እንድታነሣ ይረዳታል፤ ያ ትርፍ ሥራ ደግሞ በወራት ውስጥ በጡንቻዋ ላይ ይታያል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ተቀብሎ ያጸደቀውም ይህንኑ ነው፤ በቀን 3 ግራም ክሪያቲን አጭርና ብርቱ በሆነ ተደጋጋሚ ሥራ ላይ ብርታት ይጨምራል አለ። ስለ ማቅጠን የተናገረው ነገር የለም።

ይህም ቢሆን ተጋኖ መነገር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2025 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህን ያሳያል። 60 ያህል ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በቀን 5 ግራም ክሪያቲን ወሰዱ፤ ገሚሶቹ አልወሰዱም። ስፖርት ሳይጀመር በመጀመሪያው ሳምንት የክሪያቲን ወሳጆቹ «ጡንቻ» በግማሽ ኪሎ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ሁሉም 12 ሳምንት ክብደት ሲያነሡ ከረሙ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገኖች 2 ኪሎ ያህል ጨምረው እኩል ሆኑ። የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ውሃ ሳይሆን አይቀርም፤ መለኪያው መሣሪያ በጡንቻ ውስጥ ያለውን ውሃ ከጡንቻ ጋር አብሮ ይቆጥረዋልና። ሌሎች ጥናቶች፣ በተለይም በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የተደረጉት፣ መጠነኛ ጥቅም አግኝተውበታል። አንድ ነገር ግን ሁሉንም ያስማማል። ጥቅሙ ሁሉ ከስፖርት ጋር የተያያዘ ነው። ጣሳውን ገዝታ ጂም የማትሄድ ሴት የገዛችው ውድ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጂም ለመግባት አቅም የሌላትም ብትሆን በቤቷ ጡንቻዋን ማሠራት ትችላለች። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ግማሽ ውሃ የያዘ ጀሪካን ደጋግሞ ማንሣት ክብደት ከማንሣት የሚቆጠር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመክራል።

ውሃ መቀነስ የሚያመጣው ጣጣ

ቀደም ሲል ያነሣነው ውሃን የመቀነስ ነገር ቀላል ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በአሜሪካ በሦስት የተለያዩ ክፍላተ ሀገር የሚማሩ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ትግል ስፖርተኞች በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ሦስቱም ከውድድር በፊት ክብደት ለመቀነስ ሲጣደፉ ነበር። ምግብና ውሃ ቀንሰው፣ አየር የማያስገባ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ስፖርት ሲሠሩ ነው ሕይወታቸው ያለፈው። ያን ጊዜ ብዙዎች ጣታቸውን በክሪያቲን ላይ ቀሰሩ። በየካቲት 1998 የወጣው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዘገባ ግን የሞታቸው ምክንያት የሰውነት መጋልና የውሃ እጥረት መሆኑን ገለጸ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ማኅበር እንዲህ ያለውን ልብስና የሞቀ ክፍል ለክብደት መቀነሻነት ወዲያው ከለከለ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆድ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ የላስቲክ ቀበቶና ላብ የሚያወጣ ልብስ በእኛም ገበያ ይታያል። በላብ የወጣ ክብደት ውሃ ስለሆነ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ስቡ ካለበት አልተነቃነቀም። ክሪያቲን ውሃ ይዞብኛል ብላ መጠጣቷን የቀነሰች ሴት ደግሞ ይባስ ብላ በላስቲክ ተጠቅልላ ብትሮጥ ራሷን ለአደጋ ታጋልጣለች። ክሪያቲን የሚወስድ ሰው ጥማቱን ተከትሎ በቂ ውሃ ሊጠጣ ይገባል።

መውሰድ የማይገባቸው

ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ክሪያቲን ባይወስዱ ይመረጣል። ጉዳት አደረሰ የሚባል ማስረጃ ስለተገኘ ሳይሆን፣ ለልጁ ደኅና መሆኑን የሚያረጋግጥ በቂ ጥናት ስለሌለ ነው። በአገራችን ከወሊድ በኋላ በቶሎ ለመክሳት የሚጣደፉት አብዛኞቹ ጡት የሚያጠቡ በመሆናቸው ይህ ማስጠንቀቂያ በይበልጥ የሚመለከተው እነርሱን ነው። ዱቄቱ ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ ቢቆይ የሚቀርባቸው ነገር የለም። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ላልደረሱ ልጆችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ኩላሊቱን የታመመ ሰው ክሪያቲን መውሰድ የለበትም። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለባት እናት፣ እነዚህ በሽታዎች ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚጎዱ በመሆናቸው፣ አስቀድማ መመርመርና ሐኪሟን መጠየቅ ይኖርባታል። ጤነኛ ኩላሊት ያላቸው ሰዎች በተወሰነው መጠን ለዓመታት ሲወስዱ ጉዳት እንዳልታየባቸው ጥናቶች ያመለክታሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ የስም መመሳሰል አለ። ሐኪም የኩላሊትን ጤንነት ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው ክሪያቲኒን የሚባለውን ነው። ክሪያቲኒን ማለት ክሪያቲን ሲፈርስ የሚቀር፣ በሽንት የሚወጣ ዝቃጭ ነው። ዱቄቱን የምትወስድ ሴት ኩላሊቷ ደኅና ሆኖ ሳለ ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ዱቄቱን መውሰዷን ካልተናገረች ሐኪሙ ኩላሊቷ እንደተጎዳ ሊያስብ፣ እርሷም ያለ በሽታዋ ስትጨነቅ ልትከርም ትችላለች። ደም ለምርመራ ስትሰጥ «ክሪያቲን እወስዳለሁ» ማለት ይበቃል።

ጸጉር ይበጥሳል የሚባለውም ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በደቡብ አፍሪካ የራግቢ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ አንድ አነስተኛ ጥናት ከጸጉር መመለጥ ጋር የሚያያዝ ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የጸጉራቸው መጠን ግን በዚያ ጥናት አልተለካም፤ በኋላም ጸጉር መበጠሱን ያረጋገጠ ጥናት አልመጣም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው በክሪያቲን ስም ወይም ከክሪያቲን ጎን የሚሸጠው «ማቅጠኛ» ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የማክሲያ መድኃኒት ለልብ ሕመምና ለአንጎል ምት እንደሚያጋልጥ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ቢወጣም፣ ከዚያ ወዲህም ተፈጥሯዊ ናቸው በሚባሉ የማቅጠኛ እንክብሎችና ሻዮች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ስለዚህ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ከሚለው ሌላ ዝርዝሩ የበዛ ዱቄት አይገዛም። ስሙ የረቀቀና ዋጋው የናረ ሌላ ዓይነት ክሪያቲንም ከዚህ እንደሚሻል አልተረጋገጠም። የተከፈተና በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ከሆነማ ጭራሽ አይነካም።

መጠኑና ኪሱ

አሠልጣኞች አዘውትረው የሚመክሩት በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም መውሰድን ነው። ይህ ጡንቻን ቶሎ ይሞላል፤ ግን ግዴታ አይደለም። በቀን 3 ግራም የሚወስድ ሰው በአራት ሳምንት ውስጥ እዚያው ደረጃ እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ታውቋል። ለቤት አስተዳዳሪ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 300 ግራም በሚይዝ ጣሳ ውስጥ በቀን 3 ግራም ቢወሰድ 100 ቀን ይበቃል። በቀን 20 ግራም ለሰባት ቀን ከተወሰደ ግን 140 ግራም፣ ማለት የጣሳው ግማሽ ሊሞላ የቀረው ጥቂት፣ በሳምንት ያልቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ መውሰድ ደግሞ ሆድ ያውካል፤ ያስቀምጣልም። ሚዛኑም ቶሎ የሚዘለው በዚህ መንገድ ለሚወስዱት ነው። ስለዚህ ክብደት ለምትቀንስ ሴት ትንሹ መጠን በሁሉም በኩል ይሻላታል።

በወሩ መጨረሻ ለዕንቁላልና ለምስር የሚሆን ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ግን፣ እኛን ከጠየቃችሁ፣ ጣሳው ይቅር። አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል፣ መቶ ግራም ጥሬ ምስር ደግሞ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ልጆችም አብረው ይበሉታል።

የምትወስድ ከሆነ፣ አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ እንደ ዱቄቱ ልመት ከ3 እስከ 5 ግራም ይይዛል። ለብ ባለ ውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ጠዋት ይሁን ማታ ልዩነት የለውም፤ ሳይረሱ በየቀኑ መውሰዱ ነው ቁም ነገሩ። በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ እየፈረሰ ወደ ክሪያቲኒን ስለሚለወጥ፣ በጠርሙስ አዘጋጅቶ ለሳምንት ማስቀመጥ አይገባም። ደረቁ ዱቄት ግን ክዳኑ በደንብ ተገጥሞ፣ እርጥበት በሌለበትና የሕፃናት እጅ በማይደርስበት ቦታ ሲቀመጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ነጭ ስለሆነ ከጨውና ከስኳር ዕቃ አጠገብ አይቀመጥ።